የእትዬ ዘነበች ግማሽ

እትዬ ዘነበች ያረፉት ማክሰኞ ማለዳ ነው። የቀብሩን ሰዓት ግን ከሳምንት በፊት ራሳቸው ወስነውት ነበር። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ እጄን ያዝ አደረጉና፣ «ከሰባት ሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት ጠዋት የቀራንዮ መንገድ ይዘጋል። ሰው ለቀብር ሲያረፍድ የሚታማው ሟቹ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሲያዙኝ እሺ ከማለት ሌላ ሞክሬ አላውቅም። ሰባት ተኩል ላይ ቀበርናቸው፤ ያረፈደ ሰው አልነበረም።

ከሰላሳ ዓመት በላይ በአንድ አጥር የተዋሰንን ጎረቤታሞች ነበርን። እኔ የሴቶች ዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በመጨረሴ በሰፈሩ ወረቀት ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እትዬ ዘነበች ፊደል አልቆጠሩም። በዕድሜ ቢበልጡኝ ዐሥር ዓመት ነው፤ ግን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላም የሚጠሩኝ «አንቺ ልጅ» እያሉ ነበር። ስሜን የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር። ማወቃቸውን የተረዳሁት ፍርድ ቤት ምስክር ጥሪ ሲባሉ ከነአባቴ ከነአያቴ አሟልተው ሲናገሩት ነው።

ባለቤታቸው ጋሽ ሽብሩ አጠና ይነግዱ ነበር። ሁለቱም ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ኮልፌ ያረጁ ናቸው። ሻጩ ጋሽ ሽብሩ ቢሆኑም እንጨቱን የሚመርጠው የእትዬ ዘነበች ዓይን ነበር። አጠናውን በአንድ ጫፉ ያነሱና ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ጥጉ ያዩታል፤ ከጠመመ ይጥሉታል። ያንኑ ዓይን ለሰውም ይጠቀሙበት ነበር። አዲስ ጎረቤት ሲመጣ፣ ለዕድሩ ሊቀመንበር ሲጠቆም፣ ግራ ዓይናቸው ይጨፈናል። እኔንም ወደ ሰፈሩ የገባሁ ቀን እንዲያው አይተውኛል። ምን እንዳገኙ እስካሁን አላውቅም።

ሌላው አመላቸው መሳም ነበር። መንገድ ላይ የወደቀ ዳቦ አንስተው ይስማሉ። የቤተ ክርስቲያን በር፣ የሕፃን እግር፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ፣ እጃቸው የገባ የተከበረ ነገር ሁሉ ከንፈራቸውን ሳይነካ አያልፍም። ፍቃዱ ልጅ ሳለ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ መጣና ሰላሳ ስምንተኛ ወጣህ ተባለ። እትዬ ዘነበች፣ «ከስንት?» ብለው ጠየቁ።

«ከአርባ አንድ» አልኳቸው።

«ሦስት ሰው በልጧል!» ብለው ካርዱን ሳሙት።

ፍቃዱ የጋሽ ሽብሩ ልጅ ነው። እናቱ ሞታ እትዬ ዘነበች ሲያገቡ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። እሳቸው አልወለዱም። እሱም «እማ» ከማለት ሌላ ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም። አድጎ አየር ጤና አካባቢ የመኪና ዕቃ መሸጫ ከፈተ፤ ሰናይት የምትባል ጴንጤ ልጅ አገባ። እትዬ ዘነበች ሰናይትን በአንድ ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩአትና፣ «ቀጥ ያለች ናት። መዝሙሯ ብቻ ይጮሃል» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ጋሽ ሽብሩ ታመው ሞቱ። በአርባቸው ዕለት ሳሎናቸው ውስጥ ተሰብስበን ሳለ የነፍስ አባታቸው ከቀሚሳቸው ውስጥ ኑዛዜ አወጡ። መኖሩን ከቄሱና ከአራቱ ምስክሮች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ጋሽ ሽብሩ ቤታቸውንና ግቢያቸውን በሙሉ ለልጃቸው ለፍቃዱ ተናዘዋል። «ባለቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ዕድሜ ልኳን በሰርቪሱ ቤት ትኑር፤ ልጄም ይጡራት» ይላል።

ቄሱ ወረቀቱን ከመስቀላቸው ጋር ደርበው ይዘውት ነበር። እትዬ ዘነበች ተነሱ፤ መስቀሉን ሳሙ፣ ወረቀቱንም ሳሙ፤ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰርቪስ ያለው የትኛውን ነው?»

«ከጀርባ ያለውን» አልኳቸው። «ከሰሉ ያለበትን።»

ለለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ እስኪሸኙ ድረስ ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም።

በማግስቱ ግልባጩን ይዘው ወደ እኔ መጡና የምስክሮቹን ስም አንብቢልኝ አሉ። አራቱም የሰፈራችን ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛውን ስጠራ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለተኛውን ስጠራ «እሱም?» አሉ፤ አራተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እነዚህማ ያን ቀን ቤቴ መጥተው ክትፎ የበሉት ናቸው! ሽብሩ የዕድር ጉዳይ ነው ብሎኝ ነበር። እኔ አይብ ልጨምርላቸው ጓዳ ስገባ እነሱ ለካ ሲፈርሙ ነው የሚቆዩኝ።»

«አላወቁም ይሆናል» አልኩ።

«ሁለቴ ነው የጨመርኩላቸው!» አሉ። ያናደዳቸው ከቤቱ ይልቅ አይቡ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ከአራቱ አንዱን መንገድ ላይ ሲያገኙ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ፣ «ክትፎው ተስማማዎት?» ይሉ ጀመር። አንደኛው ሽማግሌ ታክሲ ለመያዝ በኋላ መንገድ መዞር እንደ ጀመሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ፍቃዱ ክፉ ልጅ አይደለም። ከሰሉን አስወጥቶ ሰርቪሱን አረንጓዴ ቀለም አስቀባ፤ አዲስ አልጋም አስገባ። ለእሳቸው አስቦ ነው ያደረገው። ትልቁን ቤት ግን ሊያከራየው አስቦ ሰው እያመጣ ማሳየት ጀመረ። አንድ ቀን ተከራይ የሚሆኑ ባልና ሚስት ሳሎኑን ሲያዩ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሴትየዋ እትዬ ዘነበችን ዐይታ ፍቃዱን ቀስ ብላ፣ «እኚህ እናት ደግሞ ማን ናቸው?» አለችው። ፍቃዱ መልስ ሲፈልግ እትዬ ዘነበች ቀደሙት።

«ከቤቱ ጋር ነኝ» አሏት።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ፍቃዱ እትዬ ዘነበችን ሰርቪሱን ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። ከደጃፉ ቆመው በአንድ ዓይናቸው አዩት።

«ቀለሙ ያምራል» አሉ።

«ወደድሽው እማ?»

«በጣም። አንተ ግባበት።»

እዚህ ሰፈር ሳልመጣ ባለቤቴ ሲሞት እኔ ዘመዶቹ ፈርሚ ያሉኝን ፈርሜ ከቤቴ ነው የወጣሁ። ይህን የምጽፈው ሰርቪሱን ባዩ በማግስቱ ማለዳ እትዬ ዘነበች መጥተው «ነጠላሽን ልበሺ» ሲሉኝ የት እንደምንሄድ እንኳ ሳልጠይቅ ለምን እንደተከተልኳቸው እንዲገባችሁ ብቻ ነው።

የሄድነው ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ነበር። የተቀበለችን የሕግ ባለሙያ የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ናት። እትዬ ዘነበች ከመቀመጣቸው በፊት ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ ዓይናቸውን ያመማቸው መስሏት ሶፍት አቀበለቻቸው።

ኑዛዜውን ሁለቴ አነበበችና፣ «ቤቱ የተሠራው ከጋብቻችሁ በፊት ነው በኋላ?» አለች።

«በኋላ።»

«እንግዲያውስ እማማ፣ ሚስት በሕጋችን የባሏ ወራሽ አይደለችም። ግን በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የሁለታችሁ ነው፤ ግማሹ የርስዎ ነው። ሰው መናዘዝ የሚችለው ደግሞ የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። የርስዎን ግማሽ ባለቤትዎ ለማንም መስጠት አይችሉም ነበር።»

እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። «ሽብሩ የሰው ዕቃ ሰጠ ነው የምትለው?»

«እንደዚያ ባንለው ይሻላል» አለች ልጅቷ።

«እሷ ናት ያለችው፤ እኔ አላልኩም» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

ክስ መከፈቱ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መጡ። በኋላ መንገድ የሚዞሩትም አብረው ነበሩ። «የሟችን ቃል በፍርድ ቤት ማፍረስ ነውር ነው፤ ነፍሱ ምን ትላለች?» አሉ። እትዬ ዘነበች እስኪጨርሱ አዳመጧቸው።

«ሽብሩ የሚለውን ብሏል» አሉ። «እኔም የምለው አለኝ። ልዩነታችን እኔ እስካሁን በሕይወት መኖሬ ነው።»

«ፍቃዱን እንደ ልጅሽ አሳድገሽ ትከሺዋለሽ?»

«ልጄ ስለሆነ ነው የከሰስኩት። የሰው ልጅ ቢሆን ጥዬለት እወጣ ነበር።»

እኔ ግን እፈራ ነበር። የፈራሁትም ደረሰ። የፍቃዱ ጠበቃ ሁለት ነገር ይዞ ቀረበ። ቤቱ ከጋብቻው በፊት የተሠራ ስለሆነ የሟች የግል ሀብት ነው አለ። ደግሞም ከሳሿ በአርባው ዕለት በካህን ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት ኑዛዜውን ስመው ተቀብለዋል አለ። ይህን የሰሙት ሰዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። በእኛ ዘንድ የሳሙትን ነገር መልሶ መካድ ቀላል አይደለም።

እኔ ስጠራ ጠበቃው ፈገግ እያለ መጣ። «ወይዘሮ ዘነበች ኑዛዜውን ሲስሙ ዐይተዋል?»

«አይቻለሁ» አልኩ። አይዋሽም፤ ምያለሁ።

«ታዲያ ይህ መቀበላቸውን አያሳይም?»

ብዙ ሰው ፊት መናገር አልወድም። «እትዬ ዘነበች የተከበረ ወረቀት ሁሉ ይስማሉ» አልኩ። «የመብራት ቢልም ሲመጣ ይስማሉ። ከሳሙ በኋላ ግን በዛብኝ ብለው ሄደው ይከራከራሉ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛዋ ፋይሉን ወደ ፊታቸው ከፍ አደረጉት፤ ሲያወርዱት ከንፈራቸው ገና አልተስተካከለም ነበር። «ምስክሯ ይቀመጡ» አሉ። ከዚያ ጠበቃውን ትተው ፍቃዱን በቀጥታ ጠየቁት።

«ይህ ቤት የተሠራው መቼ ነው?»

ጠበቃው በክርኑ ነካ አደረገው። ፍቃዱ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው» አለ።

«ወይዘሮ ዘነበች ያኔ ከአባትህ ጋር ነበሩ?»

«ጭቃውን ያቦካችው እሷ ናት» አለ። «እግሯ ቆስሎ ነበር።»

ጠበቃው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ሆነው ፍቃዱን ሲያዩት ሁለቱም ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ጠበቃውን ጠርተው፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፤ ጥፋቱ ከደንበኛህ ነው እንጂ ካንተ አይደለም» አሉት።

ፍርዱ በተነበበ ዕለት እትዬ ዘነበች የሕጉ ቋንቋ አልገባቸውም። ክንዴን ያዙ።

«ምን አሉ?»

«የቤቱ ግማሽ የርስዎ ነው አሉ። ውርስ አይደለም፤ ድሮም የርስዎ ነበር። ኑዛዜው የሚሠራው በጋሽ ሽብሩ ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ለፍቃዱ ነው።»

«ድሮም የኔ ነበር?»

«ድሮም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አመላለሱኝ?» አሉና ወደ ታክሲው ፌርማታ ቀድመውኝ ሄዱ። ከኋላቸው ሆኜ ሳይ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘወር ሲሉ ፊታቸው ደረቅ ስለነበር እኔም ያየሁት የለም ብያለሁ።

ፍቃዱ ከዚያ በኋላ ለወራት አልመጣም። አፍሮ ይሁን ተቀይሞ አላውቅም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። የምትመጣው ሰናይት ነበረች፤ እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤቷ ስትወጣ ልጆቿን ይዛ። እትዬ ዘነበች ከበር ሲቀበሏት፣ «ዛሬስ ጌታ ሰማሽ? ድምፅሽ እስከዚህ ድረስ መጥቷል» ይሏታል። እሷም ስቃ ትገባለች። ስለ ቤቱ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እትዬ ዘነበች ይህንንም መዝነውታል።

ፍቃዱ የመጣው ለፋሲካ ነው። በግ እየጎተተ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ዘነበች ከበረንዳ ሆነው በጉን በአንድ ዓይናቸው አዩት፤ ከዚያ ፍቃዱን።

«በጉ ጥሩ ነው» አሉ። «ግባ።»

ከዓመት በኋላ ፍቃዱና ሰናይት ከነልጆቻቸው ጠቅልለው ወደ ትልቁ ቤት ገቡ። የፍርድ ቤት መሐንዲስ መጥቶ ነበር፤ ይከፈል ከተባለ መስመሩ በሳሎኑ መሀል ያልፋል ብሎ ሄዷል። እትዬ ዘነበች ይህን ነገር ወደዱት።

«ቴሌቪዥኑ በማን በኩል ነው?» ብለው ፍቃዱን ጠየቁት።

«በኔ በኩል።»

«ሶፋው በኔ በኩል ነው። እንግዲህ ቆመህ እይ።»

ከመታመማቸው ጥቂት ጊዜ በፊት ጠሩኝና ኑዛዜ ጻፊልኝ አሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የፍቃዱን ስም መጻፍ ጀመርኩ።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«ድርሻዬን ለልጄ ለፍቃዱ ...»

«ማን አለሽ? ሰርዢው። ለሰናይት ነው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ፍቃዱ ልጅዎ አይደለም እንዴ? ይከፋዋል።»

«ልጄ ነው። የአባቱን ግማሽ ይዟል፤ ይበቃዋል።»

«ጥሩ ሰው ነው እኮ፤ ሚስቱን አይበድልም።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «ሽብሩም ጥሩ ሰው ነበር» አሉ።

ሰረዝኩት። የሰናይትን ስም ጻፍኩ፤ «የግሏ ይሁን» ብዬም ጨመርኩ። ጋሽ ሽብሩን ሲያሙ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም ያሙ አልመሰለኝም። ያዩትን ተናገሩ እንጂ።

ለምስክርነት አራት ሰው ሲያስፈልግ ከቀድሞዎቹ ሽማግሌዎች ሁለቱን ጥሪልኝ አሉ። «ምነው እነሱን?» ብላቸው፣ «ልምድ አላቸው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና አራቱም ፈረሙ። ፈርመው እስኪጨርሱ ድረስ ውኃ እንኳ አልቀረበላቸውም። ከጨረሱ በኋላ እትዬ ዘነበች ሻይ አስቀዱላቸውና፣ «ክትፎ ለሚቀጥለው» አሉ።

አርባቸው ባለፈው እሑድ ነበር። ሰው ከሄደ በኋላ ቤተሰቡ ሲቀር ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፍቃዱ ሶፋው ጥግ ላይ፣ ሰናይት ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። አነበብኩት። አጭር ናት፤ ግማሽ ገጽ አትሞላም። የሰናይት ስም ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። ፍቃዱ ወለሉን ሲያይ ቆየና ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ፤ የተናደደ መስሎኝ ነበር።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለማን እንደተናገረ አላወቅሁም።

ሰናይት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ» አለችኝ። «ስሜ ያለበትን ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት። ሦስተኛ ጊዜም ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት። ከዚያ ክፍሉ በሙቀት ታፈነ። ፍቃዱ ተነሳና በእትዬ ዘነበች ግማሽ በኩል ወዳለው መስኮት ሄደ። እጁን መዝጊያው ላይ እንዳደረገ ቆመና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ልክፈተው?» አላት።

ሰናይት ትንሽ አሰበች።

«ክፈተው» አለችው።